ፀሐይ በነፃ ከሆነች ብሩ የምን ነው?

አጎቴ ደንቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ያለ ቀበሌ ላይ ወፍጮ አላቸው። የናፍጣ ወፍጮ ነው። ባለፈው ጎንደር ሲመጡ አራዳ አካባቢ አንድ ሶላር የሚሸጥ ሱቅ ይዤያቸው ገባሁ፣ ልጁ የሞተሩን ጉልበት ጠየቀ፣ በካልኩሌተር ደመረ፣ ዋጋውን ነገራቸው፣ እሳቸውም ዝም ብለው ቆዩና ከወጣን በኋላ "አንተ ልጅ፣ ፀሐይ እኮ የእግዜር ናት፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ብር የምን ነው?" አሉኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው። እንደውም ሚኒስቴር መስሪያ ቤትም ግቡ፣ ዓለም ባንክም ሂዱ፣ ስለ ታዳሽ ኃይል ዞሮ ዞሮ የሚወራው እሱ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንዲህ አልኳቸው፦ እርስዎ ናፍጣ የሚገዙት በጀሪካን ነው፣ የሚፈጭ እህል ካለ ይገዛሉ፣ ከሌለ አይገዙም። ሶላር ሲገዙ ግን የ20 ዓመት ናፍጣ በአንድ ቀን እየገዙ ነው። ፓኔሉ ከተሰቀለ በኋላ አቧራ መጥረግ አለ፣ ከዓመታት በኋላ ኢንቨርተሩን (የፓኔሉን ኃይል ለሞተሩ እንዲስማማ የሚቀይረውን ዕቃ) መቀየር አለ፣ ከዛ ውጪ ብዙም ወጪ የለበትም። ሸክሙ በሙሉ ከፊት ነው ያለው። ነፋስም፣ ግድብም፣ ከመሬት ስር የሚወጣው እንፋሎትም እንደዛው ናቸው።

ያን ያህል ብር ባንዴ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ደግሞ ስንት አለ? ይበደራል። መንግሥትም ይበደራል፣ ትልቁ ካምፓኒም ይበደራል። ስለዚህ ከፀሐይ የሚመጣ መብራት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ በአብዛኛው ብድሩ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነው፣ የብድሩን ዋጋ ደግሞ ከማንም በላይ የሚወስነው የመንግሥት ፖሊሲ ነው፣ እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ ነው ይሄን የምጽፈው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 1 ሚሊዮን ብር ተበድረህ ፓኔል ሰቀልክ እንበል፣ በየዓመቱ እኩል እየከፈልክ በ20 ዓመት ልትጨርስ። ወለዱ 5 ከመቶ ከሆነ በዓመት 80 ሺህ ብር አካባቢ ትከፍላለህ። ወለዱ 15 ከመቶ ከሆነ በዓመት ወደ 160 ሺህ ብር ነው። ፓኔሉ ያው ፓኔል ነው፣ ፀሐይዋም ያቺው ናት፣ የሚመነጨውም ኤሌክትሪክ አንድ ዓይነት ነው፣ ግን የአንዱ መብራት ከሌላው እጥፍ ተወደደ። አሁን ደግሞ የአጎቴን ዓይነት ሰው አስቡት፣ 20 ዓመት የሚያበድረው የለም፣ ያገኘው ብድር የ3 ዓመት ነው ወለዱም 18 ከመቶ ነው እንበል፣ በዓመት 460 ሺህ ብር መክፈል አለበት ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ የትኛውም የገጠር ወፍጮ አይችለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሰው "ሶላር ውድ ነው" ሲል ውዱ ሶላሩ አይደለም፣ የብድሩ ጊዜ ማጠር ነው። ስለ ወለድ ሁሉም ያወራል ስለ ጊዜው ግን የሚያወራ የለም፣ እኔ ግን ጊዜው ይብሳል ባይ ነኝ።

አበዳሪ ለምን አንዱን በ5 ሌላውን በ15 ያበድራል ብትሉ፣ ፍርሃቱ ስለሚለያይ ነው። እቁብ የጣለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፣ ምክንያቱም ቀሪውን ጊዜ እየከፈለ ስለመቆየቱ ማረጋገጫ ያስፈልጋላ። የኃይል ማመንጫም ላይ ነገሩ ይሄው ነው፣ አንድ ካምፓኒ መጥቶ አፋር ወይ ሶማሌ ክልል ላይ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ልሥራ ቢል ብሩን ዛሬ አፍስሶ በ20 ዓመት ውስጥ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄው "መብራቱን ማን ይገዛኛል፣ በስንት፣ ባይከፍለኝስ ዋሱ ማነው?" ነው።

ገዢው በኛ አገር አንድ ነው። ሁላችንም መብራት ኃይል እያልን የምንጠራው በ2006 ለሁለት ተከፍሏል፦ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨውና በትልቁ መስመር የሚያስተላልፈው ነው፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ቤታችን ድረስ የሚያመጣውና ሂሳቡን የሚሰበስበው። የግል ካምፓኒ ቢያመነጭም የሚሸጠው ለመጀመሪያው ነው፣ በካምፓኒውና በእሱ መሃል የሚፈረመው ወረቀት የኃይል ግዢ ስምምነት ይባላል፣ ለ20 ወይ ለ25 ዓመት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) ይህን ያህል እከፍልሃለሁ የሚል ነው። ባንኮች የሚያበድሩት ይሄን ወረቀት አይተው ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ያደረገችው ይሄንኑ ነው፣ ፓኔል የሰቀለ ሁሉ መብራቱ ለ20 ዓመት በተወሰነ ዋጋ ይገዛለታል አለች፣ ባንኩ እሱን አምኖ አበደረ፣ ገበያው ሰፋ፣ ፋብሪካዎች ቻይና ውስጥ ተከፈቱ፣ ከዛ በኋላ ባሉት ዓመታት የፓኔል ዋጋ ከ80 ከመቶ በላይ ወረደ። ዛሬ አራዳ ሱቅ ላይ ተደርድሮ የምናየው ፓኔል ዋጋው እዚህ የደረሰው ሌላ አገር ያለ ሕዝብ በመብራት ሂሳቡ ላይ እየጨመረ ከፍሎለት ጭምር ነው።

ወደኛ እንመለስ። ገዢው ይከፍላል ወይ የሚለውን አበዳሪ የሚያየው ገዢው ከኛ ምን ያህል ይሰበስባል ብሎ ነው። በ1998 የወጣው ታሪፍ እስከ ታህሳስ 2011 ድረስ አልተነካም ነበር፣ ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት አንዱ 27 ሳንቲም። 12 ዓመት ሙሉ! በዛ መሃል ጤፍ ስንት ሆነ፣ ሽቦ ስንት ሆነ፣ ዶላር ስንት ሆነ። ከዛ በ2011 ተስተካከለ፣ እንደገና ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚሄድ ታሪፍ መጣ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ታሪፍ መጨመር ሕዝብን ይጎዳል የሚለው እውነት ነው፣ ግን በርካሽ የሚሸጥ መብራት መስመር ያልደረሰውን ሰው ምንም አይጠቅመውም፣ ይልቅ የሚጠቅመው ትልቅ ግቢና ብዙ ዕቃ ያለውን ነው። መደገፍ ያለበት የታችኛው እርከን ነው፣ ያቺ 50 ኪሎዋት ሰዓት። እሷም ብትሆን ብዙ አይደለችም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይስባል፣ አንድ እናት በሳምንት ሁለቴ አንድ ሰዓት ተኩል አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት በእንጀራ ብቻ አለቀ ማለት ነው። ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ 8 ቀራት። ማራኪም ይሁን አዘዞ ኪራይ ቤት ያለች ሴት ይቺን ካለፈች ወደሚቀጥለው እርከን ትገባለች፣ ስለዚህ እርከኑ ሲሠራ ምጣድን ያላሰበ ሰው ባይሠራው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ማነቆ ልምጣ፣ ዶላር።

ፓኔሉ፣ ተርባይኑ፣ ኢንቨርተሩ የሚገዛው በዶላር ነው፣ እኛ ደግሞ ሂሳብ የምንከፍለው በብር ነው። በ2012 ዓ.ም. አክዋ ፓወር የሚባል የሳውዲ ካምፓኒ ሶማሌ ክልል ጋድ ላይና አፋር ዲቼቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የሶላር ጣቢያዎችን ጨረታ አሸነፈ፣ ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ በዛን ጊዜ በአፍሪካ ከታዩት ርካሾች አንዱ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፣ ግን እስካሁን አልተሠሩም። እስቲ አስቡት፣ ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ ያ ዋጋ 1 ብር ከ44 ሳንቲም ነው፣ ዶላሩ 140 ሲገባ 3 ብር ከ54 ይሆናል። ካምፓኒው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፣ ግን የኛ ዕዳ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አልፎ ሄደ። እንግዲህ ይሄን ልዩነት ማን ይቻለው? ካምፓኒው ከቻለው ገና ሲጀመር ዋጋውን ያንራል ወይ ጥሎ ይሄዳል፣ መንግሥት ከቻለው ዕዳ ይሆናል፣ ተጠቃሚው ከቻለው ታሪፍ ይንራል። አራተኛ ሰው የለም። በዛ ላይ ባለሀብቱ ብሩን ሰብስቦ "ዶላር ቀይሩልኝና አገሬ ልላክ" ሲል ባንክ ውስጥ ዶላር ይገኛል ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ ብዙ እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት የተንጠለጠለው እዛ ጋ ነው።

ዋሱስ? ዋሱ መንግሥት ነው፣ በ2010 የወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076 ይሄን መንገድ ሥርዓት ሊያስይዝ የመጣ ነው። ግን ዋስ የሚታመነው ራሱ ዕዳ ሲከፍል ነው። ታህሳስ 2016 ላይ ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላሩን ዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠችውን ቦንድ) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። ከ1 ቢሊዮኑ አንፃር 33 ሚሊዮን ትንሽ ነው፣ ግን አበዳሪ ዘንድ የሚቆጠረው መጠኑ ሳይሆን መቅረቱ ነው፣ እቁብ ላይ አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ለሌላው ዋስ ልሁን ቢል ማን ይቀበለዋል? የሰላሙም ነገር እንደዚሁ ነው፣ መንገድ ሲዘጋ የተዘጋው ቀን በሙሉ አበዳሪው ጋ ተመዝግቦ ወለድ ሆኖ ይመጣል።

ታዲያ እስካሁን እንዴት ሠራን ለምትሉ፣ ሁለት መንገድ ነው በዋናነት የሄድነው። አንዱ የሻጩ አገር ብድር ነው፦ አዳማ 1 (51 ሜጋዋት) እና አዳማ 2 (153 ሜጋዋት) የነፋስ ጣቢያዎች 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሠሩ፣ የሠሩትም የቻይና ካምፓኒዎች ናቸው፣ መቀሌ አጠገብ ያለው 120 ሜጋዋቱ አሸጎዳ በፈረንሳይ ብድር በፈረንሳይ ካምፓኒ ተሠራ። ብድሩ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ ወለዱ ሻል ይላል ግን እንደልብህ አታማርጥም።

ሁለተኛው መንገድ በራሳችን ብር መሥራት ነው፣ የሕዳሴ ግድብ ማለት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት። እናቴ አስተማሪ ነበረች፣ የአንድ ወር ደሞዟን በ12 ወር እያስቆረጠች ቦንድ ገዝታለች፣ ወረቀቱ እስካሁን ከመሬት ካርታችን ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አለ፣ ሳየው ልቤ ይሞላል። ሕዝቡ በጠቅላላ ከ20 ቢሊዮን ብር በላይ አዋጥቷል። ግን ማብራሪያ ነው የምጽፈውና ሙሉውን ልናገር፣ የግድቡ ትልቁ ብር የመጣው ከንግድ ባንክ ነው፣ ባንኩ ለመንግሥት ድርጅቶች፣ ለመብራት ጭምር፣ ለዓመታት ሲያበድር ኖሮ ዕዳው ተከምሮ በመጨረሻ መንግሥት እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ለባንኩ ሰጥቶ ዕዳውን ወደራሱ አዞረ። የውጭ አበዳሪ እምቢ ባለን ጊዜ በራሳችን መሥራታችን ትክክል ነበር ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ፣ ግን በዛው ልክ ያ ብር ለአጎቴ ዓይነቱ ሰው ብድር ሊሆን ይችል የነበረ ብር ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው። በዚህ መንገድ ሁለተኛ ሕዳሴ ለመሥራት ባንኩ አቅም የለውም።

ሕዳሴ እያለ ሶላር ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። መልሱን የጎንደር ሰው ሰማይ አይቶ ያውቀዋል፣ ክረምት ደመና ነው ግድቡ ግን ይሞላል፣ በጋ ግድቡ ይጎድላል ፀሐይዋ ግን ትከራለች። ከ90 ከመቶ በላይ ኃይላችን ከውሃ ነው፣ አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት ቢመጣ ሁሉም ባንዴ ነው የሚጎዳው። ሁለቱ ቢደጋገፉ ውሃው ለማታ ይቆጠባል።

አሁን ሰዎች ሁሌ የሚያነሱትን አንድ ነገር ላንሳ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደር አድርጎ በሸህዲ በመተማ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሄድ የ230 ኪሎቮልት መስመር አለ፣ የኛው ወገን ሲሠራ ከዓለም ባንክ 41 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ተበድረን ነው። መስመሩ በላያቸው የሚያልፍ ጨለማ የዋጣቸው መንደሮች አሉ፣ "ሱዳን ሄዶ ይበራል እኛ ጋ አይበራም" ይላሉ፣ አያሳዝንም? ያሳዝናል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፣ 230 ኪሎቮልት ከሚያልፍበት ቦታ ዝም ብሎ ገመድ አይወረድም፣ ሰብስቴሽን (የኃይሉን ግፊት የሚቀንስ ጣቢያ) ያስፈልጋል፣ ከሰብስቴሽኑ መካከለኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ፣ ይሄ ሁሉ ወጥቶ ተጠቃሚው በወር የሚያበራው ሁለት አምፖል ከሆነ በታሪፉ ወጪው አይመለስም። ሱዳን ግን በዶላር ነው የምትገዛው። ስለዚህ ብሩ በራሱ ፈቃድ እዛ መንደር አይሄድም፣ የሚወስደው ፖሊሲ ነው።

መስመር የመንግሥት ሥራ መሆኑን ኬንያዎች በከባዱ ነው የተማሩት። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 310 ሜጋዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች በ2009 ተተክለው አለቁ፣ መንግሥት ልሥራ ያለው መስመር ግን የደረሰው በ2011 መግቢያ ነው፣ ውሉ ደግሞ "መስመር ባይኖርም ትከፍላለህ" ይላል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ነፋሱ እየነፈሰ ኃይሉ ሳይመጣ ካሳ ተከፈለ፣ ያም ዞሮ ሕዝቡ ላይ ነው የሚመጣው። ውል ከመፈረም በፊት መስመሩን መጠየቅ ነው።

መስመር በቶሎ ለማይደርሰው ደግሞ በ2011 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 ከመቶው ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ከመስመር ውጪ በሶላርና በመሳሰሉት በ2025 እ.ኤ.አ. ያገኛል ብሎ ነበር። አልተደረሰም፣ አሁንም ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ነው። ከመስመር ውጪ ላለው የተዘረጋው መንገድ ከዓለም ባንክ ወደ ልማት ባንክ፣ ከልማት ባንክ ወደ ማይክሮፋይናንስና አስመጪ የሚወርድ ብድር ነው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን እያንዳንዱ እጅ ላይ ሲደርስ የራሱን ወለድ ይጨምራል፣ የመጨረሻው እጅ ላይ ሲደርስ ጊዜው አጥሮ ወለዱ ወፍሮ ነው። ኬንያ በ2005 የሶላሩን ዋጋ በኤምፔሳ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ መክፈል ጀመረች፣ ካልከፈልክ ዕቃው ራሱን ይቆልፋል፣ ዋስም ካርታም አልተጠየቀም። እኛ ጋ ቴሌብር የመጣው በ2013 ነው፣ መንገዱ አሁን አለ።

ሌላው ብዙ ሰው ፖሊሲ መሆኑን የማያየው ናፍጣ ነው። መንግሥት ነዳጅ ሲደጉም ሳያውቀው ሶላር ላይ ግብር የጣለ ያህል ነው፣ ምክንያቱም አጎቴ የሚያወዳድሩት የተደጎመውን ናፍጣ ካልተደጎመው ፓኔል ጋር ነበር። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ ነው ከአሥር ዓመት በፊት ትዝ ያላላቸው ሶላር ትዝ ያላቸው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ይሄን ሁሉ ካወራን በኋላ ሂሳባቸውን እንደገና ሠራነው። ሱቁ ከነገራቸው ዋጋ ውስጥ ትልቁ የባትሪው ነበር። ወፍጮ ግን ማታ መፍጨት የለበትም፣ እህሉ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል፣ ባትሪ ማለት እሱ ነው። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እያለ ዳጉሳውም ጤፉም ተፈጭቶ ያልቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲከፋ አሮጌው የናፍጣ ሞተር አለ። ባትሪው ሲወጣ ዋጋው በጣም ወረደ። የቀረው ብድሩ ነው፣ የሄዱበት አንድ ቦታ የቤት ካርታ አምጡ አላቸው፣ የገጠር ቤት ደግሞ የምን ካርታ አለው። ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ሞተርም ፓኔልም ቢሆን፣ ለብድር መያዣ መሆን ይችላል የሚል አዋጅ እንዳለ ነገርኳቸው፣ አላመኑኝም።

በቀደም ማታ ደወሉልኝ። "ያ ያልከኝ አዋጅ ቁጥሩ ስንት ነበር?" አሉ። 1147/2011 አልኳቸው። "ቆይ፣ ልጅቷ ደብተር ታምጣ፣ አንድ በአንድ ንገረኝ" አሉ፣ እኔም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ ሰኞ ይዘውት ይሄዳሉ።